ከኋላዬ የምታዜመዋ ልጅ

"ማሂ ሄደች" አሉኝ ጋሼ ግርማ በስልክ።

"የት?"

"ሃሊፋክስ። ጃንዋሪ ላይ ትምህርት ትጀምራለች። የመኪና ውድድሩን ትታዋለች። እንግዲህ ወንበሩ ያንተ ነው ማለት ነው።"

ሰው የተመኘው ነገር እጁ ሲገባ ምን እንደሚል አላውቅም። እኔ ግን "ምን ቆርጧት ነው የምትተወው!" ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ግርማ የምስራች ሊሉኝ ነበር የደወሉት፤ ደነገጡ መሰለኝ። ከዚያ "አንተ ልጅ፣ ብትሸነፍ ትናደዳለህ፣ ብታሸንፍ ትናደዳለህ፤ እኔ አልቻልኩህም" ብለው ዘጉት።

ዕቃ የማደርስበትን ቫን ካልጋሪ፣ ዋይትሆርን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ፓርክ አድርጌ ነበር ያነጋገርኳቸው። የማሂ እናት ቤት ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሄጄ በሩን ልደበድብ አሰብኩ። ግን ልጅቷ ሄዳለች፤ ብትኖርስ ምን እላታለሁ? "እኔ የምሞትለትን ነገር እንዴት እንደ ፌስታል አስቀምጠሽ ትሄጃለሽ?" ልላት ነው? ቁጭ ብዬ መሪውን በቡጢ መታሁት፣ ከዚያ የቀረኝን ዕቃ ማድረስ ቀጠልኩ።

ስለ ማህሌት፣ ሁላችንም ማሂ ነው የምንላት፣ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። ልጅ ሳለሁ የታናሽ ወንድሜ ጫማ ከእኔ ጫማ በላይ ሲብለጨለጭ ያመኝ ነበር። ብዙ ሰው ላይ ቀንቻለሁ፤ አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ማሂን ግን የምረሳት አይመስለኝም።

የምንወዳደርባቸው መኪኖች ቱሪንግ ካር ይባላሉ። ከውጭ ሲያዩዋቸው ጎረቤት ደጅ ከቆመ የቤት መኪና አይለዩም። ውስጣቸው ግን ተገፍፎ ከሹፌሩ ወንበርና ጣሪያውን ከያዘው የብረት አጥር በቀር ምንም የለም። ከግንቦት እስከ መስከረም ካናዳን ከአውራጃ አውራጃ እየዞርን፣ በር ለበር እየተጋጨን እንወዳደራለን። ጋሼ ግርማ ኤሪን ውድስ አካባቢ የተጋጨ መኪና የሚያቃኑበት ሾፕ አላቸው፤ የሚያገኙትን ሁሉ የሚጨርሱት በሁለት የውድድር መኪና ላይ ነው። አንዱን የምነዳው እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ በልጅነቴ መጥቼ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የእሳቸውን ሾፕ ስጠርግ፣ ጎማ ሳጥብ፣ ቦልት ስለቅም አድጌ ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። ሌላኛውን መኪና ባለፈው ዓመት ለማሂ ሰጧት።

ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ሁለታችንንም ሾፑ ውስጥ ጠርተው እንዲህ አሉን፦ "ስፖንሰሩ ለሚቀጥለው ዓመት ለአንድ መኪና ብቻ ነው እሺ ያለው። ዘንድሮ ሁለታችሁም ትነዳላችሁ። ሲያልቅ በነጥብ የበለጠው ወንበሩ የእሱ ነው። ከእኔ ጋር መጣላት የለም።"

ማሂ ማስቲካዋን እያኘከች "ኦኬ ጋሼ፣ ፌር ነው" አለች። እንዲያው በቀላሉ! እኔ ቤቴ አቢዴል እስክደርስ ድረስ ሁለት ቀይ መብራት ጥሼ ሳልሄድ አልቀረሁም። ወንበሩን ካጣሁ ቫኑና ዕቃው ብቻ ናቸው የሚቀሩኝ። ሌላ የምችለው ነገር የለም፣ ሌላ የምፈልገው ነገርም የለም።

ስለዚህ የልደታ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳልኩ። "እመቤቴ፣ የሚቀጥለው ዓመት ወንበር የእኔ ከሆነ ጥላ አስገባልሻለሁ" አልኩ። ማሂን በስም አልጠራሁም፤ ግን ማንን ከፊቴ ዞር እንድታደርግልኝ እንደፈለግኩ ለእመቤታችን መቼም አይጠፋትም። ቀና ስል ማሂ ከመዘምራኑ መሃል ነጭ ለብሳ ቆማ ታዜማለች። ወይ ጉድ! እሷም እዚሁ ቤት ናት። እመቤታችን የሁለታችንን ጸሎት ሰምታ እንዴት ልታደርገው ነው እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማሂ የተወለደችው እዚሁ ካልጋሪ ነው። አማርኛዋ እንግሊዝኛው ውስጥ ይዋኛል፣ መዝሙር ሲሆን ግን አንድ ቃል አትስትም። መንዳት የተማረችው በረዶ ላይ ነው። ዊንተር ሲገባ የረጋ ሐይቅ ላይ አሮጌ መኪና የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች አሉ፤ የአጎቷ ልጅ አንድ ቀን ለጨዋታ ወሰዳት፣ በዚያው ቀረች። እንዴት እንደምትነዳ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ "አይስ ላይ መኪናውን ወዴት እንደሚሄድ አትነግረውም ሄኒ። ላይክ፣ እሱ ነው የሚነግርህ። አንተ ጀስት ታዳምጠዋለህ።" እኔ መሪ ስይዝ እንዳያመልጠኝ አንቄ ነው። እሷ የሕፃን እጅ ይዛ መንገድ እንደምታሻግር ሰው ትይዘዋለች። ይህን ልዩነት ያየሁ ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ከሁሉ የባሰው ዜማዋ ነው። ጋሼ ግርማ ለሁለታችንም የከፈቱልን የሬዲዮ ቻናል አንድ ስለነበር አንዳችን የምንለውን ሌላው ይሰማል። ማሂ ስትነዳ ሄልሜቷ ውስጥ ሆና ታዜማለች፤ ቃል የለውም፣ አፏን ዘግታ እም እም ነው። መኪናዋ ከመኪናዬ ራቅ ሲል ዜማው ዝቅ ይላል፣ ስትጠጋ ከፍ ይላል። ልታልፈኝ ስትል ደግሞ መዘምራኑ ከበሮውን ሞቅ የሚያደርጉበት ቦታ ላይ ትደርሳለች። መስታወት ማየት አያስፈልገኝም ነበር። ጆሮዬ ላይ ዜማው ሲሞቅ አለቀልኝ ማለት ነው። አልፋኝ ስትሄድ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው፦ "ሶሪ ሄኒ፤ ክፍት ነበር እኮ።"

ክፍት ነበር እኮ! እኔ ሳየው ዝግ ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ቪዲዮውን እያየሁ ያን ቦታ እፈልገዋለሁ፤ እውነትም መኪና የምታሳልፍ ክፍተት አለች። እሷ ካለፈች በኋላ ነው የምትታየኝ።

በዚህ ውድድር አንድ ደንብ አለ። ያሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ውድድር መኪናው ላይ ብረት ይጫንበታል፤ ከብዶት ሌሎቹ እንዲደርሱበት ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው እንደ እኔ ቀናተኛ መሆን አለበት። ባገኘው ምሳ እጋብዘዋለሁ። ማሂ ሰኔ ላይ አሸንፋ ብረቱን ሲጭኑባት አጠገቡ ቆሜ ቦልቱን አጥብቁት እያልኩ አስተባበርኩ። እሷ ብረቱን መታ መታ አድርጋ "ዛሬ እንግዳ ይዣለሁ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" አለች። እንግዳዋን ይዛ በሁለተኛው ዙር አለፈችኝ። "ሶሪ ሄኒ" አለች።

ልጠላት ብዙ ሞክሬያለሁ። ካልጋሪን ለቀን በዚያ ማለቂያ በሌለው ሜዳ መኪኖቹን በትሬይለር ስንጎትት፣ እግሯን ዳሽቦርድ ላይ ሰቅላ ላፕቶፗን ከፍታ ታሳየኛለች። "እዚህ ኮርነር ላይ ፍሬኑን ቶሎ ትለቀዋለህ፣ ሲ? ትንሽ ያዘው። እዚህ ጋ ደግሞ አንተ ትበልጠኛለህ፣ እንዴት ነው የምታደርገው?" ትለኛለች። የምታውቀውን ብትደብቀኝ ኖሮ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! አትደብቅም። እንዳለችው ሳደርግ መኪናው ይፈጥናል። በእሷ ምክር ስፈጥን ደግሞ አንጀቴ ያርራል። ጋሼ ግርማ መሪውን ይዘው "ተመልከት፣ ልጅ ማለት እንዲህ ናት" ይላሉ። እኔን ያሳደጉኝ ሰውዬ ናቸው እንዲህ የሚሉኝ።

ነሐሴ ላይ ኦንታሪዮ ነበርን። ፍልሰታ ገብቷል። ሌላው ቲም ሁሉ በየድንኳኑ ሥጋ ሲጠብስ ማሂ የላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ በፎይል የጠቀለለችውን ሽሮ በእንጀራ ትበላለች። ጋሼ ግርማ "እዚህ ተወልዳ እንዲህ ትጾማለች!" ብለው አደነቁ። ከዚያ ዞር ብለው እጄ ላይ ያለውን በርገር አዩት። በማግስቱ ጾም ጀመርኩ።

መጾም ብቻ ግን አልበቃኝም። እሷ ከምትጾመው በላይ መጾም አማረኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም አልኩ፣ ውድድር ባለበት ቀንም ጭምር። ማንም አላዘዘኝም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጋሼ ግርማ እንዲያዩልኝ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ጎማ ሲለኩ ልብ አላሉኝም።

ውድድሩ የተጀመረው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት ዳቦ ይጋግራል። የማላምነው ነገር ሆነ፤ አነሳሴ ስላማረ ከማሂ ፊት ሆንኩ። ዙር ጨርሰን ሌላ ዙር ጀመርን፣ አሁንም ከፊቷ ነኝ። በጎን መስታወት የመኪናዋን አፍንጫ አያለሁ። አንድ ሁለት ውድድር እንዲህ ከሄደልኝ በነጥብ እደርስባታለሁ፣ ወንበሩም የእኔ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ያኔ ዜማው ጀመረ። ዝቅ ብሎ እም እም። ቀጥሎ ከፍ አለ። አፌ ደርቋል፣ ዓይኔ ፊት ነጫጭ ነገር ይበራል። ዜማው ከበሮው ጋ ሲደርስ "ዛሬስ አታልፊም!" ብዬ በሩን ልዘጋባት መሪውን ጠመዘዝኩ። ዘግይቻለሁ። እሷ ቀድማ አይታው ፍሬን ይዛለች፣ አልነካችኝም። የእኔ ጎማ ግን ከመንገዱ ጠርዝ ዘሎ ወጣ፣ ሰማይና ሣር ቦታ ተለዋወጡ።

መኪናው በጣሪያው ቆመ። ቀበቶው ላይ ተንጠልጥዬ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው። ማሂ ዜማዋን አቁማለች። ያን ሰመር ሙሉ ስትነዳ አቋርጣ ሰምቻት አላውቅም።

"ሄኒ?" አለች። "ሄኒ፣ ቶክ ቱ ሚ።"

የሬዲዮው ቁልፍ ጋ እጄ አልደረሰም።

"ጋሼ፣ ለምን አይመልስም? ጋሼ?"

"ሄኖክ! አንተ ሄኖክ!" ጋሼ ግርማ ናቸው።

ከዚያ ሠራተኞች መጥተው ቀበቶውን ፈቱልኝ፣ በመስኮቱ ጎትተው አወጡኝ። ምንም አልሆንኩም። ሣሩ ላይ ቆምኩ። ሴፍቲ ካር ወጥቶ ሁሉንም ከኋላው አሰልፎ ቀስ እያለ ያዞራቸዋል። ማሂ በአጠገቤ ስታልፍ መብራቷን ሁለት ሦስቴ ብልጭ አደረገችልኝ። እኔ እጄን አላነሳሁላትም። መኪናዬ እንደተገለበጠ ኤሊ ሆኖ ሳየው ሰላምታ ከየት ይመጣል? ጋሼ ግርማ በኋላ እንደነገሩኝ፣ እኔን አልፋ እንደሄደች ዜማው ተመለሰ። ሴፍቲ ካሩ መንገዱን ሲለቅላቸውም የቀደሟትን አንድ በአንድ አልፋ አሸነፈች።

ሐኪሞቹ ድንኳን ውስጥ እያባበሉ ሲመረምሩኝ ፎይሏን ይዛ መጣች። ላቧ ገና አልደረቀም።

"ምንም አልበላህም አይደል? ፊትህ ግራጫ ሆኗል። እንካ።"

"ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም" አልኳት ኮስተር ብዬ። "አንቺስ በልተሻል?"

"ኦፍ ኮርስ! ቁርስ በላሁ። አባ የውድድር ቀን ከሆነ ብዪ ብለውኛል፤ ጤና ነው፣ ዩ ኖው።" ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ። "ዌት፣ ሄኒ፣ ሳትበላ ነው የነዳኸው? በዚህ ሙቀት? ማን ጹም አለህ?"

ሽሮውን ተቀብዬ በላሁ። እስከ ዛሬ ከበላሁት ሽሮ ሁሉ የሚጣፍጠው ያ ነው፤ እሱም አናደደኝ።

መስከረም ላይ ኩቤክ ላይ የዓመቱ ውድድር ሲያልቅ ማሂ ካገሩ ሁሉ ሦስተኛ ሆነች። እኔ ስንተኛ እንደሆንኩ አልናገርም። ጋሼ ግርማ ትሬይለሩ ጋ ሰብስበውን "እንግዲህ ቃል ቃል ነው፣ ወንበሩ የማሂ ነው" አሉ። "ታንክ ዩ ጋሼ" ብላ ወደ እኔ አየች። ልትናገር የፈለገችው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። እኔ መኪኖቹን ላስር ነው ብዬ ዞርኩ። በመንገድ ላይ፣ ያ ሜዳ ሲጀምር፣ አጠገቤ ተቀምጣ "ኢት ዋዝ ሶ ፈን፣ አይደል ሄኒ?" አለችኝ። ፈን! አጥንቴ ድረስ ዘለቀች። እኔ ሕይወቴን ያስያዝኩበትን ነገር ተጫውታበት ነው የሄደችው። እንደ እሷ ለመጫወት የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

ስልኩ የተደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ለካ ፊዚዮቴራፒ ልትማር የጠየቀችው ቦታ ተሰጥቷታል፣ የምትፈልገውም እሱን ኖሯል።

ወንበሩ የእኔ ሆነ። እንግዲህ ስለቴ ደርሷል ማለት ነው። ደርሷል ይባላል? ሌላ ሰው ትቶት የሄደውን ነገር ማግኘት ስለት መድረስ ነው? ለቀናት ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በመጨረሻ ስለት ስለት ነው ብዬ፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዘመዴ ነግሬ ጥላ አስመጣሁ። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። ቆንጆ ነው። የጽዮን ማርያም በዓል ሲከበር ቫኔ ላይ ጭኜ በበረዶው እየተንሸራተትኩ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ባለስለቶች ተራ ያዝን። ከፊቴ ያሉት ሴትዮ ጥላ ይዘዋል፤ ነጭ ሐር፣ መስቀል የተጠለፈበት፣ ከእኔው ሰፋ ያለ። ገና ከጀርባቸው ሳላውቃቸው በጥላቸው ቀናሁ። ዞር ሲሉ የማሂ እናት ናቸው፣ እትዬ አስቴር።

"ውይ ሄኖክ! አንተ ነህ? ደህና ነህ? እግርህ ደህና ነው?"

"ደህና ነኝ እትዬ። እግሬ ምን ሆነ?"

"እሰይ፣ እሰይ" አሉ እግሬን ቁልቁል እያዩ።

"የማሂ ነው ጥላው? ሦስተኛ ስለወጣች ነው?"

"የምን ሦስተኛ! ያንተ ነው እንጂ።"

አልገባኝም። እትዬ አስቴር ጥላውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ።

"ነሐሴ ላይ የተገለበጥክ ዕለት ነዋ። ብትጠራህ ብትጠራህ አልመልስ ስትላት፣ እዚያው መኪናዋ ውስጥ ሆና 'እመ ብርሃን፣ በእግሩ ቆሞ አሳዪኝ፣ ጥላ አስገባለሁ' ብላ ተሳለች። ዞራ ስትመጣ ቆመህ አየችህ። አልነገረችህም?"

"አልነገረችኝም።"

"አዎ፣ 'እማዬ እንዳትነግሪው፤ እሱ ይሄንንም ሬስ ያደርገዋል' ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።" ሳቅ አሉ፣ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። "እሷ ስለሌለች እኔ ይዤላት መጣሁ።"

ምስጋና መቅደም ነበረበት። የእኔም ዓይን ሞልቷል፣ አልክድም። ግን እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣው ቅናት ነው፤ እንደ እሳት ለበለበኝ። እኔ ለራሴ ግንቦት ላይ ተስዬ፣ ስድስት ወር ለምኜ፣ የደረሰልኝ እሷ ስትለቅልኝ ነው። እሷ ከሴፍቲ ካር ኋላ ቀስ እያለች አንዴ ስትዞር ለሌላ ሰው ተሳለች፣ ስለቷ ሲደርስ በዓይኗ አየች፣ ዜማዋን ከተወችበት ቀጠለች፣ ከዚያም ሄዳ አሸነፈች። የተሳለችውም እንድታልፈው ለማይፈልግ፣ እጁን እንኳ ላላነሳላት ሰው ነው። ክፍት ቦታ አይታ ገብታለች። እኔ ያ ቦታ መኖሩንም አላየሁም።

"ቀጥሎ ባለስለት!" አለ ዲያቆኑ።

"አንተ ቅደም የኔ ልጅ" አሉ እትዬ አስቴር።

"ኧረ አይሆንም፣ ይቅደሙ እትዬ።"

"ኧረ ቅደም፣ በሞቴ!"

"እኔ ልሙት፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

ቀደሙ። ዲያቆኑ በማይክሮፎኑ "እህታችን ማህሌት ለወንድሟ ለሄኖክ የተሳለችው ስለት ሰምሮላታል፣ እልል በሉ!" አለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፣ ሰው ሁሉ ሄኖክ የሚባለውን በዓይኑ ይፈልጋል። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፣ በሁለት እግሬ።

ተራው የእኔ ሆነ። "ወንድማችንስ ስለ ምን ነው የተሳልከው?" ብሎ ማይክሮፎኑን አስጠጋልኝ። ስለ ወንበር ልል አፌን ከፈትኩ። እትዬ አስቴር ፈገግ ብለው ያዩኛል።

"ደርሶልኛል" አልኩ። "ይበቃል።"

ለእኔም እልል አሉ፣ አጠር ያለች እልልታ። ዲያቆናቱ ጥላዎቹን ዘርግተው መዞር ጀመሩ፤ ነጩ ከፊት፣ ቀዩ ቀጥሎ። እኔ ከቀዩ ጥላ አጠገብ ተከተልኩ። መዘምራኑ ማዜም ጀመሩ፣ መጀመሪያ ዝቅ ብለው፣ ቀጥሎ ከፍ እያሉ። ከበሮው ሲሞቅ ሳላስበው ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም። የማሂ ጥላ ከፊቴ ነው።